የኢትዮጵያን ቀን ከጃቫ ወደ ዳታቤዝ ስለማስገባት ለጠየቅከው ልጅ

ወንድሜ፣ «የራሴን የኢትዮጵያ ቀን ክላስ ሠርቻለሁ፤ ዴት ኮለም (የቀን ዓምድ) ውስጥ እንዳለ ልክተተው ወይስ ጽሑፍ ላድርገው?» ላልከው፣ ሁለቱም ይቅርብህ።

1. ኮለሙ ዴት ይሁን፤ የሚቀመጥበት ግን የፈረንጁ ቀን ነው። የእኛው ጃቫ ውስጥ ብቻ ይኑር።

2. መሐል ላይ የጄፒኤ (ጃቫን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው ደንብ) አትሪቢዩት ኮንቨርተር፣ ማለትም ቀያሪ ኮድ ጻፍ። ሁለት ሜቶድ ነው፤ አንዱ ክላስህን ወደ ሎካልዴት (የጃቫ የፈረንጅ ቀን ክላስ) ይወስዳል፣ ሌላው ይመልሳል። ናል (ባዶ) ሲመጣ ናል መልስ። አውቶ አፕላይ (በራሱ እንዲሠራ) ካደረግከው በየፊልዱ መጻፍ አይጠበቅብህም፤ አይዲ ፊልድ (የመዝገቡ መለያ) ላይ ግን አይሠራም፣ አትድከም። ስሌቱንም ራስህ አትጀምረው፤ ትሪቴን ኤክስትራ የሚባል የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ኢትዮፒክዴት ተሠርቶ ተቀምጦልሃል።

3. ሲምፕል ዴት ፎርማት (ጽሑፍን ወደ ቀን የሚቀይረው የድሮ የጃቫ ክላስ) ካለህ ዛሬውኑ አውጣው። ቡሬ አካባቢ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር የብድር ሲስተም ከሌላ ልጅ ተረክቤ ነበር። ኃላፊው «ገበሬ የፈረንጅ ቀን አያውቅም፣ ዳታቤዝ ውስጥ እንዳላይ» ብሎ አዝዞት፣ ልጁም የእኛን ቁጥር እንዳለ ዴት ኮለም ውስጥ ሲከት ኖሯል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ለጃቫ ፌብሩዋሪ 30 ነው። ሎካልዴት ቢሆን ኤረር ይወረውር ነበር፤ ሲምፕል ዴት ፎርማት ግን ሊኒየንት (ስህተትን የሚያልፍ) ስለሆነ ዝም ብሎ ማርች 2 ያደርገዋል፤ ተመልሶ ሲነበብ ኅዳር 2! ጳጉሜን 5 ደግሞ 13ኛ ወር ሲያጣ ወደ ጃንዩወሪ ይሻገርና የአዲሱ ዓመት መስከረም 5 ሆኖ ቁጭ።

ብድሩ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል። በጳጉሜን የከፈለ ሁሉ ቅጣት ተጻፈበት። አንድ አባት የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ደረሰኝ ዘረጉ፤ ጳጉሜን 5 ይላል፣ ማኅተሙም አለ። የቢሮው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ኮምፒዩተሩ መስከረም ነው የሚለው» አላቸው። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ ደሜ ፈላ።

ኮዱን ማስተካከሉ ቀላል ነበር። የከፋው የተበላሸው ዳታ ነው፤ መስከረም 5 የሚለው መዝገብ እውነተኛው መስከረም ይሁን የተሻገረ ጳጉሜን በኮድ አይለይም። የደረሰኝ ጥራዝ እያገላበጥኩ አንድ በአንድ አስታረቅሁት፤ ቅጣቱም ተሰረዘ። ኃላፊው እስካሁን አላመሰገነኝም፣ ይቅርበት። ሪፖርቱ ግን ዛሬም በእኔ ኮንቨርተር ነው የሚወጣው።

ስትጨርስ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 አስገባበት። ዳታቤዙ ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ ተቀምጦ፣ ሲመለስ ጳጉሜን 6 ካልሆነ ኮንቨርተሩን እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።