ከረጢቱ «ቪዳሊያ» ይላል፣ ሽንኩርቱ የፔሩ ነው

ጥያቄ፦ አትላንታ አቅራቢያ የሐበሻ ሱቅ አለኝ። የቪዳሊያ ሽንኩርት በ40 ፓውንድ ካርቶን እገዛና «ቪዳሊያ» ብዬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባሳተምኩት ከረጢት ከፋፍዬ እሸጣለሁ። ዲሴምበር ላይ የፔሩ ጣፋጭ ሽንኩርት ሲመጣልኝ በተረፈው ከረጢት ሞላሁት። አንድ ደንበኛ ፎቶ አንስቶ «እከስሃለሁ» አለኝ። ዝርያው እኮ አንድ ነው፤ ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስጠይቅዎታል። የዝርያው አንድ መሆን መከላከያ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የጆርጂያ ሕግ መሠረት «ቪዳሊያ» ተብሎ የሚሸጠው በደቡብ ምሥራቅ ጆርጂያ በተከለሉ 20 ካውንቲዎች (13ቱ በሙሉ፣ 7ቱ በከፊል) የበቀለ ግራኔክስ የተባለውን ዝርያ የሚመስል ቢጫ ሽንኩርት ብቻ ነው። አፈሩ አሸዋማ፣ ድኙም አነስተኛ ስለሆነ ሽንኩርቱ አይለበልብም፤ ያው ዘር ድኝ በበዛበት መሬት ቢዘራ ያቃጥላል። ስሙም በፌዴራል ደረጃ የተመዘገበ የማረጋገጫ ምልክት (ምርቱ ከዚያ አካባቢ መሆኑን የሚያረጋግጥ የንግድ ምልክት) ሲሆን ባለቤቱ የጆርጂያ ግብርና መምሪያ ነው። በፊደላችን መጻፉ አያድንዎትም።

«አላወቅሁም» ማለት የካሳውን መጠን ሊቀንስ ይችል ይሆናል እንጂ ጥሰቱን አያስቀርም። የምልክቱ ባለቤት ከከሰሰዎት ፍርድ ቤት ያገኙትን ትርፍ እንዲመልሱ ሊያዝዝ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ይጎዳል፤ ከሳሹ ማስረዳት ያለበት የሽያጩን መጠን ብቻ ነው፣ ወጪውን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው። ደረሰኝ ከሌለዎት ሽያጩ በሙሉ እንደ ትርፍ ሊቆጠርብዎት ይችላል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ዕቃውን ከመደርደሪያ ያውርዱ። ከረጢቶቹን ቆጥረው ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ክስ እንደሚመጣ እያወቁ መጣል ማስረጃ ማጥፋት ተብሎ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሽንኩርቱን ጽሑፍ በሌለው ከረጢት ገልብጠው «ጣፋጭ ሽንኩርት፣ የፔሩ ምርት» ብለው መሸጥ ይችላሉ። ለደንበኛው ገንዘቡን ይመልሱለት፣ ግን ጠበቃ ሳያማክሩ በቴክስት ምንም አይጻፉለት። የንግድ ኢንሹራንስ ካለዎት ውሉን ያንብቡ። ብዙዎቹ የንግድ ምልክት ክስን አይሸፍኑም፤ የሚሸፍን ከሆነ ግን ዘግይቶ ማሳወቅ መብትዎን ሊያሳጣዎት ስለሚችል ቶሎ ያሳውቁ።

የቪዳሊያ ምርት ለገበያ የሚወጣበትን ቀን በየዓመቱ የሚወስነው የግብርና ኮሚሽነሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል ላይ ይውላል። በፌብሩዋሪ «አዲስ የቪዳሊያ ምርት» ይዞ የሚመጣ አከፋፋይ ካጋጠመዎት አይግዙ። ወቅቱ ሲደርስ ከዋናው ካርቶን እያወጡ መሸጥ ከሁሉም ይሻላል። የካርቶኑን ምልክት ቀደው ከደረሰኙ ጋር ያያይዙ፣ አንዱ ካርቶን ሳያልቅ በላዩ ሌላ አይገልብጡበት። በራስዎ ከረጢት መሸጥ ከፈለጉ ከማሳተምዎ በፊት ከመምሪያው የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። የተዘጋጀ ቁሌት በጠርሙስ ለመሸጥ ካሰቡና «ቪዳሊያ» የሚለውን ስም በጠርሙሱ ላይ ማውጣት ከፈለጉም እንደዚያው፤ ለተቀነባበረ ምግብ ስሙን መጠቀም የራሱ የፈቃድ ውል አለው።