መልስ፦ የሄሊኮፕተር ሞተር አየር ላይ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ ይወድቃል?

ወንድሜ ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋ ሄሊኮፕተሩ እንደ ድንጋይ ይወድቃል ወይ ብለሃል፣ አይወድቅም፣ ግን ፓይለቱ ቶሎ ከነቃ ነው። ሞተሩ ቀጥ ሲል ከላይ የሚዞሩት ክንፎች ከሞተሩ ይለቀቃሉ፣ ልክ ሳይክል ላይ ፔዳል መምታት ስታቆም ጎማው መዞሩን እንደሚቀጥለው፣ ከዛ በግራ እጅ የሚያዘውንና የክንፎቹን ዘንበል የሚቀይረውን ማንሻ (ኮሌክቲቭ) ወዲያው ወደታች ስታደርገው ቁልቁል ስትወርድ ከስር የሚመጣው አየር ራሱ ክንፎቹን ያሽከረክራቸዋል። ኦቶሮቴሽን የሚባለው ይሄ ነው።

ከባዱ እንደ ሮቢንሰን አር22 ያሉት ትንንሾቹ ሄሊኮፕተሮች ላይ ነው። ክንፋቸው ቀላል ስለሆነ የመዞር ፍጥነቱ በጣም ቶሎ ይወርዳል፣ ምን ሆነ ብለህ አንድ ሁለት ሰከንድ ካመነታህ ክንፉ አየር መያዝ ያቆማል፣ እዛ ከደረሰ ደግሞ መመለሻ የለውም። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤም በፈረንጆቹ 1995 ለአር22 እና ለሌላው የሮቢንሰን ሞዴል ለአር44 ለብቻው የስልጠና ደንብ ያወጣው ያለምክንያት አይደለም።

ከዛ አር22 ከሆነ 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎሜትር) አካባቢ ይዘህ ትወርዳለህ፣ ለመሬት 40 ጫማ (12 ሜትር) ገደማ ሲቀርህ አፍንጫውን ቀና አድርገህ ፍጥነቱን ትገድላለህ፣ መጨረሻ ላይ አስተካክለህ ኮሌክቲቩን ስትስበው ክንፉ ላይ የቀረው ጉልበት ቀስ አድርጎ ያስቀምጥሃል፣ ግን ያ ጉልበት ለአንዴ ብቻ ነው፣ ከፍ ብለህ ቀድመህ ከሳብከው አለቀ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ዝቅ ብሎ በቀስታ መብረር ነው፣ ምክንያቱም እዛ ላይ ሞተር ከጠፋ ወይ ከፍታ ወይ ፍጥነት ስለሌለህ ክንፉን የምታሽከረክርበት ጊዜ አይኖርህም።