በአይፒ የሚከፈት፣ በስሙ ግን የሚጠፋ ሰርቨር

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን የውስጥ ኔትወርክ ላይ የፋይል ሰርቨራችንን በስሙ ስንጠራው አንዳንድ ጊዜ ይከፈታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስሙ አልተገኘም ይለናል። በአይፒ አድራሻው ከሞከርነው ሁልጊዜ ይሠራል፤ ኢንተርኔቱም እንከን የለበትም። ዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ በራሱ የሚያድለው አገልግሎት) ለኮምፒውተሮቹ የሚሰጠው የመጀመሪያው ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው) የራሳችን ሰርቨር ሲሆን፣ ለመጠባበቂያ ብለን 8.8.8.8ን በሁለተኛነት አስገብተናል። ችግሩ ከየት የመጣ ይሆን?

መልስ፦ ችግሩ የመጣው ከዚሁ መጠባበቂያ ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎች ሁለተኛው ዲኤንኤስ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ስሙን ሳያውቀው ሲቀር ይመስላቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ሁለተኛው የሚዞረው ግን በዋናነት የመጀመሪያው በጊዜው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ሰርቨራችሁ ለአፍታ ሲዘገይ ወይም ዳግም ሲነሣ ጥያቄው ወደ 8.8.8.8 ይሄዳል፤ ይህ የጉግል ሰርቨር ስለ ውስጥ ስሞቻችሁ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይመልሳል። ለኮምፒውተሩ ይህ የተሟላ መልስ ስለሆነ ሌላ ሰርቨር አይጠይቅም። ይባስ ብሎ «የለም» የሚለውም መልስ እንደ ማንኛውም መልስ በካሽ (መልሶችን ለጊዜው በሚያስቀምጥ ማከማቻ) ስለሚያዝ (ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1998 አርኤፍሲ 2308 ተብሎ በወጣው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ተደንግጓል)፣ ሰርቨራችሁ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላም ችግሩ ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ፣ ችግሩ በታየበት ኮምፒውተር ላይ ኤንኤስሉክአፕ (nslookup) የተባለውን ትእዛዝ ይጻፉና የፋይል ሰርቨሩን ሙሉ ስም፣ ከዚያም የሚጠየቀውን ዲኤንኤስ አድራሻ ያስከትሉ፤ አንድ ጊዜ የራሳችሁን፣ ሌላ ጊዜ 8.8.8.8ን። በስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ ቢያስገቡ ኮምፒውተሩ የራሱን ቅጥያ (የዶሜይን ስም) እንዳይጨምርበት ይረዳል። የራሳችሁ ሰርቨር አይፒውን ሰጥቶ ሌላው ስሙ የለም ካለ ጥርጣሬው ልክ ነው። ይህ ትእዛዝ የኮምፒውተሩን ካሽ ስለማያይ፣ በእሱ የተገኘ ስም በሌሎች ፕሮግራሞች አሁንም አልከፈት ቢል ሊገርምዎ አይገባም፤ ካሹን ማጽዳት ይበቃል።

መፍትሔው 8.8.8.8ን ከዲኤችሲፒ አውጥቶ በውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨራችሁ ላይ ፎርዋርደር አድርጎ ማስገባት ነው፤ ሰርቨሩ የውስጥ ስሞችን ራሱ እየመለሰ የቀሩትን ወደ ውጭ ያስተላልፋል። የሁለተኛው ዲኤንኤስ ቦታ ባዶ ሆኖ ቢቀር፣ በእኔ አስተያየት፣ ስሞቻችሁን በማያውቅ ሰርቨር ከመሞላቱ ይሻላል። እውነተኛ መጠባበቂያ ከፈለጋችሁ ያንኑ ዞን (የውስጥ ስሞቻችሁንና የአድራሻዎቻቸውን መዝገብ) የያዘ ሌላ የውስጥ ሰርቨር አቁሙ፤ ዞኑ የሚቀዳው በቲሲፒ (ከዩዲፒ በተለየ የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ) ስለሆነ፣ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 53 (የዲኤንኤስ መግቢያ) ለዩዲፒ ብቻ ተከፍቶ ከሆነ ቅጂው አይደርስም። የዞን ፋይሉን በእጅ የምታስተካክሉ ከሆነም በውስጡ ያለውን፣ ለውጥ መኖሩን የሚጠቁመውን ተከታታይ ቁጥር ካልጨመራችሁ፣ ሁለተኛው ሰርቨር ለውጥ መኖሩን ሳያውቅ አሮጌውን መልስ መስጠቱን ይቀጥላል።

ኮምፒውተሮቹ አዲሱን አደረጃጀት የሚቀበሉት ከዲኤችሲፒ ያገኙትን አድራሻ ሲያድሱ ነው። እንደ ፕሪንተር ያሉ አድራሻቸው በእጅ የተሞላ ማሽኖች ግን ከዚህ ውጭ ስለሆኑ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው።