የምሽቱን የቮልቴጅ መውረድ በባትሪ ማቃለል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቶቻችን ከትራንስፎርመሩ 300 ሜትር ርቀው በመስመሩ ጫፍ ላይ ናቸው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ይወርዳል። ጎረቤታሞች አዋጥተን ባለ 3 ኪሎዋት ባትሪ ብንተክል ይጠቅመናል?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ የት እንደሚተከልና በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ካልታሰበበት ግን ጭራሽ ያባብሰዋል። ቮልቴጁን የሚበላው ሽቦው ነው። ባለ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሽቦ በኪሎ ሜትር 0.87 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው 600 ሜትር ነው፤ 0.52 ኦም ይሆናል። ጫፍ ላይ 3 ኪሎዋት የሚሰጥ ባትሪ በመስመሩ ከሚመጣው ላይ 14 አምፔር ያህል ስለሚቀንስ 7 ቮልት ገደማ ይመለስላችኋል። ትራንስፎርመሩ አጠገብ ቢተከል ትራንስፎርመሩን ያሳርፋል እንጂ ለእናንተ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

የጎደለባችሁ ግን 30 ቮልት ነው። ሁሉንም በባትሪ ለመመለስ 12 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ኃይል አቅራቢው መጋጠሚያዎቹን እንዲመረምር፣ መስመሩ ባለ ሦስት ፌዝ (ኃይል በሦስት ሽቦዎች ተከፍሎ የሚመጣበት) ከሆነም ቤቶቹ በአንዱ ፌዝ ላይ ተከማችተው እንደሆነ እንዲያይ ጠይቁ። በላላ መጋጠሚያ ወይም በተዛባ ፌዝ የሚጠፋውን ቮልቴጅ በባትሪ መሸፈን ብክነት ነው። ወደ መስመሩ ኃይል የሚመልስ ኢንቨርተርም (የባትሪውን ዲሲ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ኤሲ የሚቀይር መሣሪያ) ያለ አቅራቢው ፈቃድ አይገናኝም።

መጠኑን በተመለከተ፦ 3 ኪሎዋት ለ3 ሰዓት 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለኢንቨርተሩ ብክነት በ0.93፣ ባትሪው እስከ ታች እንዳይራገፍ ደግሞ በ0.9 ሲካፈል 10.75 ይመጣል። ባለ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሁለቱ በጥቂቱ ያንሳሉ። እያረጁ አቅማቸው ስለሚቀንስ ሦስት ግዙ።

አሞላሉን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ፣ በ2 ኪሎዋት ገደማ ቀስ ብሎ እንዲሆን አስተካክሉ። ባትሪው እንደተራገፈ ወዲያው መሙላት እንዲጀምር የተደረገ ኢንቨርተር ገና ሰው ሳይተኛ መስመሩን እንደገና ያጨናንቃል።

ጥያቄ፦ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ከባትሪው ጋር ሲገናኝ በኃይል ይፈነጥቃል፤ የባትሪው መቆጣጠሪያ ቦርድም ይቆርጣል። ለምን?

መልስ፦ በኢንቨርተሩ መግቢያ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ባዶ ስለሆኑ ለቅጽበት እጅግ ብዙ አምፔር ይስባሉ፤ ቦርዱም እንደ ሾርት ቆጥሮት ይዘጋል። ኢንቨርተሩ ጠፍቶ እያለ፣ ባለ 47 ኦም፣ 10 ዋት የሽቦ ሬዚስተር ከተከፈተው ብሬከር ጋር ትይዩ አድርገው ለ5 ሰከንድ ያህል ያገናኙ፤ ከዚያ ብሬከሩን ይዝጉና ሬዚስተሩን ያንሱ። ብሬከሩ ሳይዘጋ ኢንቨርተሩ ከበራ ሬዚስተሩ ይቃጠላል። ብሬከሩ ለዲሲ የተሠራ ይሁን። የኤሲው ኤሌክትሪክ በየቅጽበቱ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው እሳት ይጠፋል፤ የዲሲው ግን አያልፍም፣ ብሬከሩ ውስጥ መንደዱን ይቀጥላል። ይህ ኢንቨርተር ሙሉ ጭነት ላይ ከ110 አምፔር በላይ ስለሚስብ ባለ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብልና ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 150 አምፔር ክላስ ቲ ፊውዝ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ተበላሽቶ አይደለም። ከመስመር ጋር የሚሠራ ኢንቨርተር መስመሩ ሲሞት መቆም አለበት፤ አለዚያ ሽቦው ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። ቤቱን ከመስመሩ የሚነጥል ማዛወሪያ ስዊች ይግጠሙ፤ መብራትና ፍሪጅ ብቻ ኢንቨርተሩ ባለው የመጠባበቂያ መውጫ ላይ ይሁኑ። ምድጃውን እዚያ ላይ አያገናኙት።