ለቲጄ ለምታመለክቱ ልጆቼ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 22 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቲጄ የምንለው እዚሁ ያለውን ቶማስ ጀፈርሰንን ነው፤ ተማሪዎች ተመርጠው የሚገቡበት የሕዝብ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። የሐበሻ ልጆች ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ቶማስ ጀፈርሰን ብገባ የሰው ቦታ ወሰድክ አይሉኝም?»

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ስምንተኛ ክፍል። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ እሱ ሠርቶ እርሳሱን ያስቀምጣል። አንድ ቀን የሠራበትን ወረቀት ገልበጥ አድርጌ አየሁት። እናቱ ሆቴል የምትገባበት የፈረቃ ፕሮግራም ነው። ስለ ቲጄ ስነግረው ምዝገባው አልፏል። እናቱ እንዲህ ያለ የመግቢያ ፈተና መኖሩንም አልሰማችም። ቀደም ብዬ አለመንገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚያው ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዚሁ ፈተና ቲቶሪያል ሲገቡ ዓመታት ያለፋቸው ልጆች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቲጄን የሚያስተዳድረው የፌርፋክስ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ፈተናውንም የ100 ዶላሩን ማመልከቻ ክፍያም አስቀረ። ለእያንዳንዱ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹን 1.5 በመቶ ያህል ቦታ ተያዘለት። የሚገቡትም ወደ 550 ከፍ አሉ። ገምጋሚዎቹ የልጁን ስምም ዘርም አያዩም። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዙር ከ1 በመቶ በታች የነበሩት የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች 25 በመቶ ደረሱ፤ ጥቁሮች 7 በመቶ ገደማ ሆኑ። የእስያውያን ድርሻ ከ70 በመቶ በላይ የነበረው ወደ 54 ወረደ። ወላጆች ከሰሱ። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ለቦርዱ ፈረደ፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ስለዚህ አንገታችሁን አትድፉ። ግን የእስያ ልጆችን በክፉ እንዳታነሱብኝ። አባቱ ሁለት ሥራ እየሠራ ለጥናት የከፈለለትን ልጅ አስተምሬዋለሁ፤ የእኛኑ አባቶች ነው የሚመስለው። ወንበር ውሱን ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። የቀረው ልጅ ሲከፋው እውነቱን ነው።

ሌላም አለ። ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ስትሞሉ «የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ እኛን አይመለከትም» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አትስሙት። ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። ጥቁርና ነጭ አብሮ ከሚማር ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ዘግቶ ነበር። እዚያው ፋርምቪል በ1951 ተማሪዎችን አስተባብራ አድማ የመታችው ባርባራ ጆንስ ገና 16 ዓመቷ ነበር። እናንተ ያለ ከልካይ የምትገቡበትን በር ያስከፈቱት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ድርሰቱ ላይ የሌላ ሰው ሕይወት አትዋሱ። የእማማን የክሊኒክ ደብዳቤ ወጥ ቤት ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር ስትተረጉሙላት ያመሻችሁበትን ቀን ጻፉ። የምዝገባው ቀን መቼ እንደሆነ ካውንስለራችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። ስታውቁ ደግሞ እናቷ ማታ የምትሠራዋን የጎረቤት ልጅ ደውላችሁ ንገሯት።