መልስ፦ ውስጤ ያለችውን ልጅ እንዴት ላጥፋት?

እህቴ፣ ሐኪምሽ ዲአይዲ (የተከፋፈለ ማንነት፦ በአንድ ሰው ውስጥ ከአንድ በላይ ማንነቶች የሚፈራረቁበት የአእምሮ ሕመም) እንዳለብሽ ነግራሻለች። ምን እንዳደረግሽ የማታስታውሻቸው ሰዓታት ይጠፉብሻል፤ ውስጥሽ የምትጮኸውን ትንሽ ልጅ እንዴት እንደምታጠፊያትም ጠይቀሻል።

አታጥፊያት። ጠላትሽ አይደለችም። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በልጅነት ከተደጋገመ ከባድ ጥቃት ነው። ማምለጫ ያጣ ሕፃን፣ አእምሮው ስቃዩን ከፋፍሎ ያስቀምጥለታል። የተረፍሽው በዚያ ነው። ስለዚህ ስትጮህ አትቆጫት። "አሁን አድገናል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ማንም አይነካንም" በያት። ይህ ግን እውነት መሆን አለበት። የጎዳሽ ሰው ዛሬም አጠገብሽ ካለ፣ ከሁሉ የሚቀድመው ከሱ መራቅ ነው።

መደንዘዝ ሲጀምርሽ ቀዝቃዛ ውሃ እጅሽ ላይ አፍስሺ፣ የተቆላ ቡና አሽትቺ፣ ቀኑንና ያለሽበትን ቦታ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። አንድ ደብተርም ይኑርሽ፤ ውስጥሽ ያሉት ማንነቶች ወይም ክፍሎች ሁሉ የየራሳቸውን ይጻፉበት። አንዳንዴ በጠፋብሽ ሰዓት ምን እንደሆነ ከዚያ ታነቢያለሽ።

ሕክምናው በዋናነት የንግግር ነው፣ ዓመታትም ሊወስድ ይችላል። ዲአይዲን ራሱን የሚያድን ክኒን የለም፤ መድኃኒት የሚታዘዘው ለድብርቱ፣ ለጭንቀቱ ወይም ለእንቅልፉ ነው። ጥሩ ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) መጀመሪያ መረጋጋትን ያስተምርሻል እንጂ ወደ ትዝታው አይቸኩልም። ገና በመጀመሪያው ቀን "ሁሉንም ንገሪኝ" ከተባልሽ "ቀስ እንበል" ማለት መብትሽ ነው። ውስጥሽ ያሉት ክፍሎች የግድ ተዋሕደው አንድ መሆን የለባቸውም፤ ተስማምተው መኖርን የሚመርጡ ብዙ ናቸው።

ቤተሰብ "መንፈስ ነው፣ ጠበል ሂጂ" ካለሽ፣ እምነትሽ ከሆነ ሂጂ። ሕክምናሽን ግን አታቋርጪ፤ ማንም እንዲያስርሽ ወይም እንዲመታሽ አትፍቀጂ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ አዲስ አበባ ካለሽ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለ።