ከካርድ ክፍል ሥራዬ ለቅቄ የወንጀል ልቦለድ ልጻፍ ወይ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በማኔጅመንት ተመርቀሽ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሁለት ዓመት እንደሠራሽ፣ ሥራው እንደሰለቸሽ፣ የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የፒ. ዲ. ጄምስን ልቦለዶች ካነበብሽ ወዲህ የወንጀል ልቦለድ ለመጻፍ እንደቆረጥሽ፣ ለዚህም መልቀቂያ አስገብተሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ አንድ ዓመት ቤት ለመቀመጥ እንዳሰብሽ ገልጸሽልኛል። «እርሳቸው ደፍረው ከተሳካላቸው እኔን ምን ያስፈራኛል?» ስትይም ጠይቀሻል። በመጨረሻም በወንጀል ጥናት ወይም በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይጠቅም እንደሆነ ማወቅ ፈልገሻል።

መልሴን ላስቀድም፤ መልቀቂያውን አታስገቢ። ምክንያቱንም አንቺው ካመጣሽው ምሳሌ አወጣዋለሁ፤ በማስረጃነት ያቀረብሻቸው ደራሲ ለመጻፍ ብለው ደመወዛቸውን የተዉበት ጊዜ የለምና። (ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ታሪኩን የሚያነቡት ግን ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምረው ነው።)

ፊሊስ ዶሮቲ ጄምስ በ1920 በኦክስፎርድ ተወለዱ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሳቸውም በ16 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው በግብር ቢሮ ተቀጠሩ። በ1941 ሐኪም አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ይሁንና ባለቤታቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአእምሮ ሕመም ይዟቸው ተመለሱ፤ ጡረታም አልተፈቀደላቸውም። የቤቱ ወጪ በሙሉ በወይዘሮ ጄምስ ላይ ስለወደቀ የሆስፒታል አስተዳደር በማታ ተምረው ከ1949 እስከ 1968 በለንደን በአንድ የሆስፒታሎች ቦርድ ውስጥ ሠሩ። ባለቤታቸው በ1964 ካረፉ በኋላም የመንግሥት ሠራተኝነት ፈተና አልፈው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተቀጠሩና በጡረታ እስከተሰናበቱበት እስከ 1979 ድረስ በፖሊስና በወንጀል ፖሊሲ ክፍሎች አገለገሉ።

መጻፍ የጀመሩት በ30ዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ነው። ለመጻፍ የሚመች ጊዜ ፈጽሞ እንደማይመጣ፣ ዝም ብለው ከተቀመጡም ለልጅ ልጆቻቸው «ደራሲ የመሆን ምኞት ነበረኝ» እያሉ የሚያወሩ አያት ሆነው እንደሚቀሩ የገባቸው ያኔ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። በማለዳ እየተነሡ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ጻፉ፤ የመጀመሪያ ልቦለዳቸውም በ1962 ታተመ። ገጣሚው መርማሪ አዳም ዳልግሊሽ በዚህ መጽሐፍ ብቅ ብሎ እስከ 2008 ድረስ በ14 ልቦለዶች ዘለቀ።

አሁን ወደ አንቺ ክፍል ልምጣ። በ1963 የወጣው ሁለተኛው ልቦለዳቸው በለንደን በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክሊኒክ ውስጥ የሚካሄድ ነው። የክሊኒኩ የአስተዳደር ኃላፊ ተገድላ የምትገኘው ምድር ቤት ባለው የሕሙማን መዝገብ ክፍል ሲሆን፣ ፋይሎቹ ወለሉ ላይ ተበታትነዋል። ይኸውልሽ፣ አንቺን ያሰለቸሽ ክፍል! ደራሲዋ ያን ክፍል የፈጠሩት በዚያ ዓይነት ክሊኒኮች አስተዳደር ውስጥ ይሠሩ ስለነበር ነው፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ጸሐፊዎቹና ሐኪሞቹ በምን እንደሚኮራረፉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በ1971 በታተመው የነርሶች ማሠልጠኛ ልቦለዳቸው ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ግድያም እንደገና እንድታነቢው እመክርሻለሁ። ተማሪዎቹ ከውጭ በመጣች የማሠልጠኛዎች ተቆጣጣሪ ፊት ለታማሚ በቱቦ ምግብ ወደ ጨጓራ እንዴት እንደሚሰጥ በተግባር ያሳያሉ፤ አንደኛዋ ተማሪ ታማሚ ሆና ተኝታለች፤ በቱቦው የወረደው ግን ወተት አልነበረም። ይህን ገጽ አንባቢ የሚያምነው ወተቱን ማን እንዳዘጋጀ፣ ጠርሙሱ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ማን የት ቆሞ እንደነበር በተርታ ስለተቀመጠለት ነው። ደራሲዋ መሣሪያውን፣ ጠረጴዛውንና የሥራ ክፍፍሉን ስለሚያውቁ ጥርጣሬው ለሁሉም እንደየድርሻው ይዳረሳል።

አንቺስ ምን ታውቂያለሽ? አንድ ካርድ ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው ትሬሰር ካርድ እንደሚገባ፣ በእርሱም ላይ ማን እንደወሰደው፣ ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደና ቀኑ እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። ታካሚው ቀጠሮ ሳይኖረው በሌሊት ተረኛ ፊርማ የወጣ ካርድ፣ ትሬሰር ሳይገባበት ክፍቱን የቀረ የመደርደሪያ ቦታ፣ በአንድ ስም የተከፈቱ ሁለት ካርዶች፣ ለአንቺ የዕለት ተዕለት ብስጭት ናቸው፤ ለወንጀል ልቦለድ ግን እያንዳንዳቸው የአንድ ምዕራፍ መነሻ ናቸው። ወረፋ ያለፈበት ታካሚ ከመስኮቱ ባሻገር ሲቆጣ፣ ካርድ አመላላሹ በኮሪደሩ ሲሮጥ፣ ሐኪሙ «ካርዱ ካልመጣ አላይም» ሲል የሚባባሉትን ቤት ተቀምጠሽ በምናብ ብቻ አታገኚውም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስብሻለሁ። የእውነተኛ ታካሚ ስም፣ ሕመም፣ ሰፈር ወይም ማንነቱን የሚያስለይ ማናቸውም ነገር ከካርድ ወደ ማስታወሻ ደብተርሽ እንዳይገባ። የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ የሥራሽ ግዴታ ነው፤ ልቦለድ መሆኑ ከተጠያቂነት አያድንሽም። የምትወስጂው የአሠራሩን ሥርዓት ነው፤ ሰዎቹን ፍጠሪያቸው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እንነጋገር። የወይዘሮ ጄምስ የመጀመሪያ ረቂቅ የተላከለት የመጀመሪያው አሳታሚ ፌበር ኤንድ ፌበር ወዲያውኑ ተቀብሎታል፤ ይህ ለጥቂቶች ብቻ የሚገጥም ዕድል ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1977 ድረስ በሥራ ላይ እያሉ 7 ልቦለዶች አሳተሙ፤ ሐያሲያንም አመሰገኗቸው፤ ሆኖም ደመወዛቸውን የሚተካ ሀብት አላገኙም። ትልቁ ገንዘብ የመጣው በ1980፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ ወደ 60 ዓመት ሲጠጉ፣ «ኢኖሰንት ብለድ» የተባለው ልቦለዳቸው በአሜሪካ የወረቀት ሽፋን እትምና የፊልም መብቱ ሲሸጥ ነው። ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከዚያ ድረስ 18 ዓመት አልፏል። የእኛን አገር ሁኔታ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ደራሲው ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ወጪ ከራሱ ኪስ ይሸፍናል፤ የወረቀት ዋጋ አይቀመስም፤ አከፋፋዩም ድርሻውን ይቀንሳል። ስለዚህ ያጠራቀምሽው ገንዘብ ለዓመቱ የቤት ኪራይና ቀለብ ካለቀ፣ ረቂቁ ሲጠናቀቅ የሚታተምበት ገንዘብ አይኖርሽም።

ሰዓት አጥቼአለሁ ላልሽው በቂ ምክንያት አለሽ፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ማለዳውን ለራሱ ማድረግ አይችልም። በመጀመሪያ የክፍል ኃላፊሽን ቋሚ የቀን ፈረቃ ጠይቂ። ካልሆነ በሆስፒታሉ የሰው ሀብት አስተዳደር በኩል ወደ ላይዘን ክፍል መዛወር ይቻል እንደሆነ አጣሪ፤ አልጋ የሚያዝበትና ሪፈር የሚላክበት ቦታ ስለሆነ ለሥራ ልምድሽም ለልቦለድሽም አዲስ ነገር ያመጣል። የዓመት ፈቃድሽን ለሠርግና ለጉዞ ከማብቃቃት ይልቅ ረቂቁን ለመቋጨት አቆዪው። ቤተሰብሽንም አነጋግሪ፤ ወይዘሮ ጄምስ ከባለቤታቸው ወላጆች ጋር ይኖሩ ስለነበር ልጆቹን የሚያይላቸው ሰው ነበራቸው፤ አንቺም በሳምንት ውስጥ የትኞቹ ሰዓቶች እንደማይነኩብሽ ከእናትሽና ከእህቶችሽ ጋር ተስማሚ።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ ወይዘሮ ጄምስ የልቦለዶቻቸው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከቦታ እንደሚነሣ ይናገሩ ነበር። አንቺም ገዳዩን ከመፈለግሽ በፊት አንዱን ክፍል ከነመብራቱ፣ ከነበሩ፣ ከነቁልፉ በሁለት ገጽ ጻፊው። ሙሉ ረቂቅ በእጅሽ ሲገባና የማያውቁሽ ሁለት ሰዎች እስከ መጨረሻው ሲያነቡልሽ ያን ጊዜ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ስለ መጠየቅ እንነጋገራለን፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ ግን ያኔም ቢሆን የመጨረሻው አማራጭ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪው ጥያቄ አጭር መልስ አለው። በፖሊስ ወይም በፍትሕ ተቋማት የመቀጠር ፍላጎት ካለሽ የወንጀል ጥናት ትምህርት በር ይከፍትልሻል። ለልቦለዱ ሲባል ብቻ ከሆነ ግን አልመክርሽም። በ1991 የባሮነስነት ማዕረግ ያገኙት፣ የቢቢሲ የቦርድ አባል የነበሩትና ለዓመታት የእንግሊዝ ደራስያን ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ጄምስ ዩኒቨርሲቲ አልተማሩም። በ1977 የወጣው ልቦለዳቸው የሚካሄድበትን የፎረንሲክ ላቦራቶሪ ያወቁት በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ነው፤ በ1811 በለንደን ስለተፈጸሙ ግድያዎች የሚተርከውን የታሪክ መጽሐፍም ከሥራ ባልደረባቸው ጋር በ1971 አሳትመዋል። አንቺም በአቅራቢያሽ ካለ ፍርድ ቤት መጀመር ትችያለሽ፤ ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ በወንጀል ችሎት ተቀምጠሽ ዐቃቤ ሕግ ምስክር እንዴት እንደሚያሰማ፣ ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ የቱን ቃል እንደሚይዝበት መከታተል ያለ ክፍያ የሚገኝ ትምህርት ነው። ለማስተርስ ያሰብሽውን ክፍያም ለማተሚያ ቤቱ አስቀምጪው።